የእንግዳ ዋይፋይ

ቶሮንቶ እንደመጣሁ የተከራየሁት ቤት ስካርቦሮ ውስጥ ነበር፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው የአንዲት ኢትዮጵያዊት ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ያለው ምድር ቤት። እሳቸው በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሰው ሁሉ እማማ ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰው እማማ አልኳቸው።

እኔ የመጣሁት በሙያ ተወዳድሬ ነው። አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። እዚህ ደግሞ ኮምፒዩተራቸው እምቢ ያላቸውን ሰዎች በስልክ የሚረዳ ድርጅት ውስጥ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ «እስቲ አጥፍተው ያብሩት» ስል እውላለሁ።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእማማ ሳሎን ይሞላል። በሩ ላይ የጫማ ክምር፣ ውስጥ ሳቅ። የሚመጣው ሰው ተሳስሞ ሳይቀመጥ ስልኩን ያወጣል። የዋይፋዩ ፓስዎርድ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ከአንድ እስከ ስምንት ያሉት ቁጥሮች በተራ። ለማየት የሚደክም እንኳ የለም፤ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። በባለሙያ ዓይን ሳየው ሰውነቴን ይበላኝ ነበር፤ ግን ቤቱ የሳቸው ነው ብዬ ተውኩት።

ከታች፣ ከደረጃው ሥር፣ ቤቱን ከሚያሞቀው ፈርነስ አጠገብ፣ የራሴን ማሽን አስቀምጫለሁ። ቢሮዎች የጣሉትን ኮምፒዩተር ከሚሸጥ ሱቅ የገዛሁት ነው። አዲስ አበባ እያለሁ ስልኬ ተሰርቆ ፎቶዎቼን የማስቀምጥበት የኢንተርኔት አካውንቴ ተቆልፎብኝ ነበር። የኩባንያው መልስ ሰጪ እኔ እኔ መሆኔን ሊያምነኝ አልቻለም። አባቴ ከመሞቱ በፊት ያነሳኋቸው ፎቶዎች እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የኔ የምለውን ነገር በራሴ ቤት፣ በራሴ ማሽን ላይ ለማኖር ወሰንኩ። ፎቶዬ፣ የትምህርት ማስረጃዬ፣ የእናቴ የድምፅ መልእክቶች፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። የራስን ሰርቨር ቤት ውስጥ ማቆም ለብዙ ሰው የማይገባ ደስታ ነው።

አንድ ቀን እማማ ልብስ ሊያጥቡ ወርደው ደረጃው ሥር ቆሙ።

«ይሄ የሚያጉረመርመው ምንድነው?»

«ኮምፒዩተር ነው እማማ። ፎቶዬን ያስቀምጥልኛል።»

«አልበም የለህም?»

«አለኝ። ይሄ የማይቃጠል አልበም ነው።»

«ኤሌክትሪክ ላይ የተሰካ ነገር የማይቃጠል?» ብለው ስቀው የልብስ ቅርጫታቸውን ይዘው አለፉ።

ክረምቱ ገብቶ በረዶው ሲከመር ኢንተርኔቱ መንቀራፈፍ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ እማማ ከላይ ጠሩኝ። ኢሜይል የሚያነቡት እኔን ጠርተው ስለሆነ አዲስ ነገር አልመሰለኝም። የኢንተርኔት ኩባንያው ነው የጻፈው። ከቤታችሁ መስመር ወደ ሌሎች ሰዎች ኮምፒዩተር ሰብሮ ለመግባት ሙከራ እየተደረገ ነው፤ ካላቆማችሁ መስመሩን እንቆርጣለን ይላል። ተርጉሜ ስጨርስ እማማ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከታች ያለው ነገርህ ነው አይደል?»

«አላውቅም እማማ።»

«ልጄ፣ እኔ በዚህ አገር ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር ከማንም ጋር ተካስሼ አላውቅም።»

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ፍርሃት ነበር። እኔም ፈራሁ። ሥራ ቦታ ሆኜ ፎቶዬን ለማየት ብዬ ማሽኔን ወደ ውጭ ከፍቼው ነበር። በዚያ በኩል ሰው ገብቶብኝ ይሆናል ብዬ ሮጬ ወርጄ ገመዱን ነቀልኩት። ተመልሼ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለውን ራውተር ሳየው ግን መብራቱ እንደ በፊቱ ይርገበገባል። የኔ ማሽን ጠፍቶም ከቤቱ የሚወጣው ነገር አልቆመም።

ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ማን ማን እንደተገናኘ አየሁ። አብዛኛው ባለፈው እሁድ የገባ የእንግዶች ስልክ ነው። አንድ ምንነቱን ያላወቅኩት ዕቃ ግን ቤቱ ውስጥ ምንም ሳይከፈት ከማላውቃቸው ቦታዎች ጋር ሳያርፍ ያወራል። ሳሎን ውስጥ የተሰካውን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀልኩ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ሳጥን ስነቅል የራውተሩ መብራት ረጋ።

ሳጥኗን የወንድማቸው ልጅ ነው ለፋሲካ ያመጣላቸው። ወርኃዊ ክፍያ ሳይኖራት የአገር ቤቱን ጣቢያ ሁሉ ታሳያለች። በረዶ ከቤት ባላስወጣቸው እሁድ ቅዳሴ የሚከታተሉት በሷ ነበር። አሁን አጠገባቸው ሶፋው ላይ ተቀምጬ እንዴት እንደምነግራቸው ቸገረኝ።

«እማማ፣ ጥፋተኛዋ ይቺ ናት።»

«እሷማ ቴሌቪዥን ናት!»

«ውስጧ ኮምፒዩተር አለ። ገና ስትሠራ ወይም ስትሸጥ የማይታይ ነገር ጨምረውባታል። እርስዎ ቅዳሴ ሲሰሙ፣ የማናውቃቸው ሰዎች በርስዎ መስመር ሾልከው የሌላ ሰው በር ይሞክራሉ። መርማሪ ሲመጣ የሚያየው የርስዎን ቤት ነው።»

«የወንድሜ ልጅ ያውቃል?»

«ከየት ያውቃል? ሱቅ ገብቶ ነው የገዛው።»

ተነሡ። ሳጥኗን በራሳቸው እጅ ከነገመዷ አነሡ፣ በፌስታል ጠቀለሉ፣ የጓሮውን በር ከፍተው በረዶው ላይ አስቀመጧት። ውጭ ምን እንድትሆን እንዳሰቡ አልጠየቅኳቸውም። ተመልሰው ሲቀመጡ «አሁን ቤቱን አጽዳልኝ» አሉኝ።

አጸዳሁ። ራውተሩን አፕዴት አደረግሁ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን የመግቢያ ቃል ቀየርኩ። ማሽኔን ወደ ውጭ የከፈትኩበትንም ቀዳዳ ደፈንኩ፤ በምትኩ የተፈቀደለት ስልክ ብቻ የሚያልፍበት ዝግ መንገድ ሠራሁ። የዋይፋዩን ፓስዎርድ ደግሞ ረጅምና አስቸጋሪ አድርጌ ቀየርኩት። ለማንም አልሰጠሁም። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ እሁድን በደስታ ጠበቅሁ።

እሁድ እንግዶቹ መጡ። አንድ በአንድ ስልካቸውን አዩ።

«ዋይፋዩ ምን ሆነ?»

«ተቀይሯል» አልኩ። «ለደህንነት ነው።»

የእማማ ባለቤት ወዳጅ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ኮታቸውን ገና ሳያወልቁ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«ከኛ ነው ደህንነቱ?»

 ጨዋታው የወትሮው ሳይሆን ቀረ፤ ሰዎቹም ቶሎ ተነሡ። እማማ ሸኝተዋቸው ሲያበቁ ቤዝመንት ወርደው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ለልብስ አጠባ ካልሆነ ወርደው አያውቁም።

«መጀመሪያ የገባነው ሪጀንት ፓርክ፣ የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ነበር» አሉ። «አሁን አፍርሰው የሠሩት ሳይሆን፣ የድሮው ሕንፃ። ስልክ የለንም። አጠገባችን አንዲት ጃማይካዊት ነበረች። አንድ ቀን በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ስልኳን ጠየቅኳት፣ እናቴ ታማ ነበር። አንሥታ ሰጠችኝና ወደ ሌላ ክፍል ሄዳ በሩን ዘጋች። እንዳልሳቀቅ። ከዚያ በኋላ አገር ቤት የምደውለው ከሷ ቤት ሆነ። አንድም ቀን ‹በቃሽ› አላለችኝም። ያን ጊዜ ነው ለራሴ ቃል የገባሁት፤ ቤቴ መጥቶ ስልክ የጠየቀኝን ሰው እምቢ አልልም። ዛሬ ስልኩ ዋይፋይ ሆነ።»

 ቅር ያለኝ በሳቸው አልነበረም። ሥራ ቦታዬ ደህንነት ማለት የማያውቁትን መከልከል ነው፤ በእማማ ቤት ግን የማያውቁትን መቀበል የቤቱ ደንብ ነበር። ሁለቱ የሚገናኙበትን ሳስብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«እማማ፣ እንግዳ ሲመጣ የት ያስቀምጡታል?»

«ሳሎን ነዋ። የት ላስቀምጠው?»

«ጓዳ ይገባል?»

«ጓዳ ምን ሊሠራ?»

«ዋይፋዩንም እንደዚያ ማድረግ ይቻላል። አንዱ የቤተሰብ፣ አንዱ የእንግዳ። እንግዳው ኢንተርኔት እንደ ልቡ ያገኛል፤ ግን የርስዎን ኮምፒዩተር፣ የኔን ማሽን፣ ቴሌቪዥኑን አያይም። የታመመ ስልክ ይዞ ቢመጣ እንኳ ሳሎን ይቀራል።»

ትክ ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትነግረኝም ነበር? ሰዎቼን አስቀየምክብኝ!»

በማግስቱ ሠራነው። ስሙን እሳቸው አወጡ፤ «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩት። ፓስዎርዱ ረጅም፣ ግን ሰው የማይረሳው ነገር ይሁን አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ በልልኝ» አሉ። «ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስታውሳሉ።» በሚቀጥለው እሁድ እማማ ራሳቸው እየጮኹ ሲያስነግሩት ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እንዲህ ነው እንጂ» አሉኝ።

ቴሌቪዥኑ ግን ባዶ ቀረ። እማማ አላማረሩም፤ ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ተቀምጠው የጠፋውን ስክሪን ሲያዩ ግን አያለሁ። አንድ ቅዳሜ ፈርነሱ አጠገብ ያለውን ቁም ሳጥን ከፍተው ካርቶን ጎተቱ። ውስጡ የቪዲዮ ካሴት ሞልቷል። ባለቤታቸው ከሰኞ እስከ ዓርብ ፕላስቲክ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ያን በትከሻ የሚያዝ ትልቅ ካሜራ ተሸክመው የሐበሻ ሰርግና ክርስትና ሲቀርፁ ይውላሉ። በዚያ ዘመን ቶሮንቶ ውስጥ ያገባ ሁሉ የሳቸውን ካሜራ አይቷል ይባላል።

«ያንተ የማይቃጠል አልበም ይሄን ይይዛል?»

«ይይዛል እማማ።»

ያገለገለ የካሴት ማጫወቻ ፈልጌ አገኘሁ። ካሴት እንደ ፎቶ ቶሎ አይገለበጥም፤ የሁለት ሰዓት ሰርግ ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት መጫወት አለበት። ስለዚህ እየገለበጥን አብረን አየን። የመጀመሪያው የአንድ አዳራሽ ሰርግ ነበር፤ ትከሻው የሰፋ ኮት፣ የተነፋ ጸጉር፣ ከግድግዳው ላይ የሚወድቅ ፊኛ። ድንገት ከካሜራው ጀርባ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ሙሽራው! ፈገግ በል እንጂ! የተፈረደብህ አስመሰልከው!»

እማማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቀጥሎ ሳቁ፤ ዕንባቸው እየወረደ ሳቁ።

«እሱ ነው» አሉ። «መልኩን በፎቶ አየዋለሁ። ድምፁን ግን እየረሳሁት ነበር።»

በካሴቶቹ ሁሉ ውስጥ ሰውየው አንድም ቦታ አይታዩም፤ ካሜራውን የያዙት እሳቸው ናቸውና። ግን ሁሉም ውስጥ አሉ። ሕፃናትን ያባብላሉ፣ ሚዜዎችን ያሰልፋሉ፣ ኬክ ሲቆረጥ «ቀስ፣ ቀስ!» ይላሉ። የተገለበጠውን ማሽኔ ላይ አድርጌ እማማ በሪሞት እየመረጡ ቴሌቪዥናቸው ላይ እንዲከፍቱት አደረግሁ። የሚበዛውን ቀን እሳቸው ወጥ እየሠሩ፣ ቴሌቪዥኑን ሳያዩት፣ ድምፁን ብቻ ይሰሙ ነበር።

እሁድ እንግዶቹ ሲያዩት ቤቱ ሌላ ሆነ። «ያቺ እኔ ነኝ!» «ይሄ ቀጭኑ ማነው?» «አንተ ነህ!» ሽማግሌው ከሁሉም በላይ ጋሉ።

«ይሄን ኢንተርኔት ላይ ልቀቀው እንጂ!» አሉኝ። «ዓለም ይየን!»

ስለ አደጋው ላስረዳ አፌን ስከፍት እማማ ቀደሙኝ።

«የማን ሰርግ ነው? ሙሽሮቹን ሳንጠይቅ?»

«ምን ነውር አለው?»

«ነውር የለውም። ግን የነሱ ነው። ባለቤቴ ለነሱ ነው የቀረፀው።»

እንደዚያ ተጀመረ። እማማ ለሚያውቋቸው ሰዎች አንድ በአንድ ይደውላሉ፤ እሺ ላለው እኔ አካውንት እከፍታለሁ፤ ያ ሰው የራሱን ሰርግ ብቻ ከቤቱ ሆኖ ያያል። በዚያ ዝግ መንገድ ለማስገባት የሰዎቹን ስልክ ማዘጋጀት ነበረብኝ፤ አንዳንዱ ኦታዋ፣ አንዳንዱ ካልጋሪ ሄዷል። ጥሩ ፓስዎርድ ማስመረጥ ዋናው ችግር ሆነ። ሽማግሌው የክርስትና ስማቸው እንዲሆን ድርቅ አሉ።

«ማንም አያውቀውም!» አሉ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አሉ እማማ ከኩሽና። «ቄሱም ያውቁታል። ቅዳሴ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።»

ሽማግሌው ተሸንፈው ማንም ያልሰማውን ረጅም ዐረፍተ ነገር መረጡ፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

የበረዶው ጊዜ አልፎ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ አንዲት ሴት ከቶርንክሊፍ ፓርክ መጣች፤ የምትኖረው እዚያ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ነው። እማማ ስለ ሰርጓ ደውለውላት ነበር። እሷ ግን በስልክ መልስ ሳትሰጥ ዘጋች። አሁን ኮቷን ሳታወልቅ ሳሎኑ መሃል ቆመች። «ይቀመጡ» ስላት «አታስረጀኝ፤ አንቺ በለኝ» አለችና ወዲያው ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«የመጣሁት እንዲጠፋ ልጠይቅ ነው። ከሰውየው ከተለያየን ስንት ዘመን። ያን ቀን ማንም እንዲያይብኝ አልፈልግም።»

«አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ» አልኳት። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ስሙን ፈልጌ ሳገኝ የመጀመሪያው ምስል በትንሹ ብቅ አለ፤ ነጭ የለበሱ አንዲት ትልቅ ሴት እጃቸውን ዘርግተው ሲጨፍሩ። ሴትየዋ ከትከሻዬ በላይ ሆና አየችው።

«ቆይ» አለች። «ቆይ። እናቴ ናት።»

እማማ ወንበር ስበው ከጀርባዋ አደረጉላት። ተቀመጠች። እናቷ ለሰርጉ ከአገር ቤት መጥተው፣ ተመልሰው በሄዱ በዓመቱ ሞተዋል። ሲጨፍሩ የምታውቃቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ቪዲዮውን አጫወትኩት። ካሜራው ሙሽሮቹን ትቶ እናትየዋን ተከተለ፤ ከጀርባው የእማማ ባለቤት «እሰይ! እሰይ የኔ እናት!» ይላሉ። ሴትየዋ ኮቷን እንደለበሰች እስከ መጨረሻው አየች። ሙሽራው ሲመጣ ፊቷን አላዞረችም።

«ልጄ አያቷን አይታ አታውቅም» አለች በመጨረሻ።

«ምን ላድርገው?» አልኳት።

«አትሰርዘው። ግን…»

«ከአንቺና ከልጅሽ በቀር ማንም አይከፍተውም። እኔም ብሆን። ቁልፉን አንቺ ትመርጫለሽ።»

«አንተም ብትሆን?»

«እኔም ብሆን። ቁልፉን ከረሳሽው ግን እኔም ላወጣልሽ አልችልም።»

«አልረሳውም» አለች። እዚያው ተቀምጣ ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዙራ ጻፈች። እማማና እኔ ተነሥተን ወደ ኩሽና ሄድን። ስትጨርስ ጠራችንና ኮቷን አወለቀች፤ ምሳም በላች።

ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ሌቦች ነው፤ ስለ ተሰረቀ ፓስዎርድ፣ ስለ ተሰበረ በር። እኔም ይህን ሥራ የጀመርኩት የተወሰደብኝን እያሰብኩ ነው። ያን ቀን ግን የገባኝ ሌላ ነው። ቁልፍ ባይኖር ያ ሰርግ ይሰረዝ ነበር። ሴትየዋ እናቷን ልታስቀር የቻለችው የሚዘጋ ነገር ስለነበራት ነው።

በበጋው ሥራው ሲያልቅ አንድ የቀረ ነገር ነበር። የከተማውን ሰርግ ሁሉ በአንድ ደረጃ ሥር፣ ከአንድ ፈርነስ አጠገብ ማኖር ልክ አይደለም፤ ቤቱ ውኃ ቢገባበት ሁሉም ያልቃል። ባክአፑ፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ ሌላ ሰፈር መቀመጥ አለበት። እማማን ማን ቤት እናስቀምጥ ብዬ ስጠይቃቸው አላመነቱም፤ «እናቷን ያየችው ሴት ጋ» አሉ። ደወሉላትና እሺ አለች።

ዲስኩን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አድርጌ ቆልፌ በቦርሳዬ ይዤ በአውቶቡስ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሄድኩ። ሊፍቱ እየሞላ ሦስት ጊዜ አሳለፍኩ፤ ኮሪደሩ የየአገሩ ምሳ ይሸታል። ሴትየዋ በሩን ከፈተች። ልጇ ከጀርባዋ በእንግሊዝኛ ሰላም አለችኝና የአያቷን ጭፈራ ለመለማመድ እየሞከረች እንደሆነ ነገረችኝ፤ ትከሻው አልመጣ ብሏታል።

ሴትየዋ ዲስኩን በሁለት እጇ ተቀበለች። መኝታ ቤቷ ገብታ፣ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣዎቹ በላይ አስቀመጠችው። ወርዳ ወንበሩን እየመለሰች ጠየቀችኝ፤

«አሁን የስንት ሰው ሰርግ ነው ቤቴ ያለው?»

«የሁሉም» አልኳት።

«እግዚኦ!» አለች እየሳቀች። «አንዱን እንኳ መያዝ ላቃተኝ ሴት!»

ልጇም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ «ና ወደ ገበታ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ» ብላ ወደ ጠረጴዛው ገፋችኝ።